ውኃ ቀጂዋ እናት በደረቀው ባሕር ላይ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ይሁን እንጂ በየጓዳው ተቀምጣ በየወጡ የምትገባው ጨው ከየት እንደምትመጣ በብዙዎቻችን ቤት ተጠይቆ አያውቅም። የመቀሌ እናቶች ግን መልሱን ከልጅነታቸው ጀምረው ያውቁታል። ከከተማይቱ በስተምሥራቅ፣ በአጉላዕና በበርሐሌ በኩል ቁልቁል ተወርዶ የሚደረሰው የአፋር ጨው ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት የሰሜኑን ሕዝብ ጨው ሲያቀርብ ኖሯል። ወደዚያ የሚደረገው የግመል ቅፍለት ጉዞ በትግርኛ «አርሆ» ይባላል። ነጋዴው በግመልና በበቅሎ አሞሌውን ጭኖ ሽቅብ ሲመለስ ዋነኛ መድረሻው የመቀሌ ገበያ ነበር። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ እንደ ገንዘብም ያገለግል እንደነበረ ይታወሳል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ ከተማይቱ ካደገችባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ለጨው መንገድ ያላት ቅርበት ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዛሬው አምዳችን የምናወሳላችሁ ስለ ጨው ንግድ ሳይሆን በዚያው ጨው ሜዳ ላይ ስለ ተሠራ አንድ የፎቶግራፍ ጥበብ ነው። የሥራው ባለቤት ኢትዮጵያዊት ናቸው። የሥራው ርእስ ደግሞ ከየትኛዋም እናት ሐሳብ የማይጠፋው የውኃ ጉዳይ ነው።

ባሕር የነበረ ምድር

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የዳናክል ዝቅተኛ ምድር በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ሞልቶት ነበር። ከጊዜ ብዛት የመሬት መነሣትና የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ መግቢያውን ስለ ዘጋው ውኃው ተቆርጦ ቀረ። ፀሐይ ቀስ በቀስ መጠጠችውና ጨዉ ብቻውን ተረፈ። ዛሬ የጨው ንብርብሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት አለው። በሜዳው ዙሪያ የሚገኘው የዛጎልና የኮራል ድንጋይም ቦታው ባሕር እንደነበረ ይመሰክራል።

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 200 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የቆመች ከተማ ስትሆን፣ የጨው ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚያው አካባቢ ባለው ዳሎል በተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬታ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም ሌሊቱና ቀኑ፣ ክረምቱና በጋው ተደምሮ ተካፍሎ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ የመቀሌ ሰው «ባሕር ከእኔ ሩቅ ነው» ቢል ግማሹ ብቻ እውነት ይሆናል። ባሕሩ ጎረቤቱ ነው፤ የጠፋው ውኃው ነው።

ከጨዉ ላይ የቆሙት ሴቶች

የባሕርን ገጽታ በፎቶግራፍ ማንሣት ራሱን የቻለ የጥበብ ዘርፍ ነው። ለምሳሌ ያህል ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በየአገሩ እየዞረ በትልቅ የፊልም ካሜራ ያነሣቸው የባሕር ፎቶግራፎች በዓለም የታወቁ ናቸው። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ ከውኃና ከሰማይ በቀር ምንም አይታይም። ሰው የለም፤ ጀልባ የለም፤ ወፍም የለም።

አርቲስት አይዳ ሙሉነህ በዳሎል የሠሩት ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው ለማለት ይቻላል። እርሳቸው ውኃ የሌለበትን ባሕር መረጡ፤ በላዩም ላይ ሴቶችን አቆሙ።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በንጹሕ ውኃ አቅርቦት ላይ የሚሠራው ዋተርኤድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በኤች ኤንድ ኤም ፋውንዴሽን ድጋፍ ስለ ውኃ የሚናገር ሥራ እንዲሠሩለት አርቲስቷን ጠየቃቸው። እርሳቸውም 12 ፎቶግራፎችን የያዘ ተከታታይ ሥራ አዘጋጁ። መጠሪያው ወደ አማርኛ ሲመለስ «የውኃ ሕይወት» ማለት ነው። አብዛኞቹ ፎቶግራፎች የተነሡት በዳሎልና በአካባቢው ነው። በተከታዩ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሥራው ለንደን ከተማ በሚገኘው በሶመርሴት ሃውስ ለሕዝብ ቀርቧል።

በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታዩት ሴቶች ከእግራቸው በታች ነጭ ጨውና የተሰነጠቀ መሬት፣ ከራሳቸው በላይ የጠራ ሰማይ ነው ያለው። የለበሱት ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ዓይን የሚይዝ ቀለም ነው። ፊታቸው ቀለም ተቀብቷል። አንገታቸውን ደፍተው የሚለምኑ አይደሉም፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እንደ ንግሥት ረግተዋል። ሁላችንም በየቤታችን የምናውቀው የውኃ ጀሪካንም ከሥራዎቹ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ከፎቶግራፎቹ ርእሶች መካከል ሁለቱን ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው «የዕለቱ ሸክም» እና «የነገን መንገድ ማወቅ» የሚሉ ይሆናሉ።

አርቲስቷ ስለዚህ ሥራ በሰጡት መግለጫ፣ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች ሲዘዋወሩ ከባድ የውኃ ሸክም ተሸክመው በእግራቸው የሚጓዙ ሴቶችን በብዛት እንደሚያዩና የውኃ መቅዳት ኃላፊነት በአብዛኛው የወደቀው በሴቶች ላይ መሆኑን አስረድተዋል። ይህም በሴቶች ነጻነት፣ በጤና፣ በንጽሕናና በልጃገረዶች ትምህርት ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማሳየት ነው ሥራውን የሠሩት።

ነገሩ በቁጥርም የተደገፈ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ውኃ በግቢያቸው ከሌላቸው 10 ቤተሰቦች መካከል በ8ቱ ውኃ የማምጣቱ ሥራ የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የቧንቧ ውኃ ተራ ጠብቆ በሚመጣበት የመቀሌ ሰፈር የምትኖር እናት ይህን ሚዛን ለማወቅ ጥናት ማንበብ አያስፈልጋትም፤ ወገቧ ይነግራታል። ከሌሊቱ በስንት ሰዓት ተነሥታ ጀሪካኗን እንደምትደረድር፣ ልጅቱ ለትምህርት ቤት ስትዘገይ ምን እንደሚሰማት የምታውቀው እርሷ ናት።

የ1977ቱ ፎቶግራፍ

አርቲስት አይዳ ሙሉነህ ይህን የመሰለ አሠራር ለምን እንደ መረጡ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

እርሳቸው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ነው። በሕፃንነታቸው ከአገር ወጥተው በየመንና በእንግሊዝ አገር ኖረዋል። ቀጥሎም በቆጵሮስ በአዳሪ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት ካሳለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ገቡ። ይህን ዓመት ልብ እንበል። ከዚያ በፊት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ የኬንያው ተወላጅ ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በመቀሌና በኮረም በመጠለያ የነበሩትን በረሃብ የተጎዱ ወገኖቻችንን ቀርጸው ነበር። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ በመላው ዓለም ተሰራጨ።

ያ ፊልም ትልቅ ሥራ እንደ ሠራ አይካድም። የዓለም ሕዝብ ደንግጦ እጁን ዘረጋ፤ እህልና መድኃኒት መጣ፤ በርካታ ሕይወት ተረፈ። ይህ እንዲህ ሲሆን ፎቶግራፉና ፊልሙ ሌላም ነገር ትቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያ የሚለው ስም በተጠራ ቁጥር ለባዕድ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት የደረቀ ጡት ለልጇ የምታጎርስ እናት ሆነች። ስሟ አልተጻፈም። ከድርቁ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር፣ ስንት ልጅ እንደ ወለደች፣ ምን ዓይነት ጠላ እንደምትጠምቅ የጠየቃት አልነበረም። በመቀሌና በአካባቢው የሚኖሩ እናቶች ከዚያ ዘመን የተረፉ እናቶቻቸውን ቢጠይቁ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያስረዷቸዋል።

ካናዳ የደረሱት ያቺ ልጅም አገራቸው የምትታወቀው በዚሁ የረሃብ ምስል ብቻ ሆኖ አገኙት። ይህም በኋላ የሥራቸውን አቅጣጫ እንደ ወሰነው በተለያዩ ጊዜያት ተናግረዋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማጠብን ተማሩ። ከዚያም በአሜሪካ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በፊልም ጥናት ተመርቀው ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶግራፍ ጋዜጠኛነት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ በተካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ትርኢት የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የፎቶግራፍ በዓል በአዲስ አበባ መሠረቱ።

እዚህ ላይ እናቶችን የሚያስደስት አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረቡት አንድ ተከታታይ ሥራ መጠሪያው «ዓለም ዘጠኝ ናት» የሚል ነው። ይህን አባባል የሰሙት ከአያታቸው ነው። ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አሥር አትሞላም የሚለውን የምድጃ ዳር ወግ አብዛኞቻችን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። የእኚያ አያት ንግግር ግን ባሕር ተሻግሮ የታላላቅ የሥዕል አዳራሾችን ግድግዳ ያዘ። በቤታችን የምንናገረው ቃል ከልጆቻችን ልብ ውስጥ የት እንደሚደርስ አናውቅምና አንናቀው።

አሮጌው ጥበብና አዲሱ መሣሪያ

አንዳንድ ሰዎች ዲጂታል ካሜራና ስልክ ከመጣ ወዲህ ፎቶግራፍ ጥበብነቱ ቀርቷል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አሮጌው ነገር ሁሉ ተጥሎ በአዲሱ መተካት እንዳለበት ያስባሉ። የአርቲስት አይዳን ሥራ ስንመለከት ሁለቱም አስተያየቶች ትክክል አለመሆናቸውን እንረዳለን።

በመጀመሪያ ደረጃ ፎቶግራፉ የሚጀመረው በካሜራ አይደለም፤ በእጅ በሚነደፍ ሥዕል ነው። ቀጥሎ ልብሱ ይዘጋጃል፤ ቁሳቁሱ ይሰናዳል፤ የቆሙት ሴቶች ፊትና እጅ ቀለም ይቀባል። ሰውነትን በቀለም ማስጌጥ በአገራችን ደቡብና በሌሎችም የአፍሪካ ክፍሎች ጥንታዊ ባህል መሆኑ የታወቀ ነው። ደማቆቹ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለሞች ደግሞ በትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በሌሎችም የቆዩ አድባራት ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች ጋር ይዛመዳሉ። ትልልቅ ዓይኖች ቀጥታ ተመልካቹን የሚያዩበት አኳኋን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለምናውቀው ሰዎች እንግዳ አይሆንብንም። ዲጂታል ካሜራው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሥራው በመጨረሻ የሚታተመውም ብዙ ዘመን እንዲቆይ በተዘጋጀ ዲጂታል ኅትመት ነው።

ዲጂታል መሣሪያ በእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ ያለው ጥቅም ቀላል አይደለም። ነጭ ጨው ብርሃንን እንደ መስተዋት ስለሚመልስ የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ያሳስተዋል። መለኪያው ብርሃኑ በዛ ብሎ ስለሚያስብ ፎቶግራፉ ጠቁሮ ይወጣል። በፊልም ዘመን ይህ ስሕተት የሚታወቀው ከብዙ ቀን በኋላ ፊልሙ ሲታጠብ ነበር። አሁን ግን ባለሙያዋ እዚያው ቆማ አይታ ታርመዋለች። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰው ለብዙ ሰዓት አቁሞ መመላለስ እንደማይቻል ስናስብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይሁንና የአሮጌና የአዲስ ማዋሐድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንዲያውም ፎቶግራፍ ራሱ የጨው ልጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዊሊያም ታልቦት የተባለው እንግሊዛዊ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በወረቀት ላይ ምስል ለማስቀረት ሲሞክር ወረቀቱን በመጀመሪያ የነከረው ጨው በበዛበት ሳይሆን በቀጠነ የገበታ ጨው ውኃ ውስጥ ነበር። ከደረቀ በኋላ የብር ውሕድ ሲቀባበት ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት ሆነ። ምስሉ እንዳይጠፋ ያደርግ የነበረውም በወፈረ የጨው ውኃ ነው። በጓዳችን ያለችው ጨው የዚህ ሁሉ ጥበብ መነሻ መሆኗ የሚያስገርም ነው።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1843፣ አና አትኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት የባሕር አረሞችን እየሰበሰበች ሰማያዊ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረች። አሠራሩ በብረት ውሕድ የተቀባ ወረቀት ላይ አረሙን አስቀምጦ ለፀሐይ ማሳየትና በውኃ ማጠብ ነበር። በፎቶግራፍ የተገለጸ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው የአንዲት ሴት ሥራ እንደሆነ ይታመናል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ይህንኑ አሠራር የሚጠቀሙ ባለሙያዎች በዲጂታል ካሜራ ያነሡትን ምስል በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ያትሙታል፤ ከዚያም በተቀባው ወረቀት ላይ አድርገው እንደ አትኪንስ ለፀሐይ ያሰጡታል። ኮምፒውተርና ፀሐይ አብረው ሠሩ ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለግሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1856 እና በ1857 የባሕር ፎቶግራፎችን ሲያነሣ አንድ ችግር ገጠመው። የዚያን ጊዜው መስተዋት ባሕሩን በትክክል ሲይዝ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ በአንዳንዶቹ ሥራዎቹ ባሕሩን ለብቻ፣ ደመናውን ለብቻ አንሥቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ጨለማውንና ብርሃኑን ለማመጣጠን በቅጽበት ብዙ ምስል አንሥቶ ሲያዋሕድ የሚሠራው ይህንኑ ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ከ160 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ውበት ችግርን ይሸፍናልን?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። የውኃ ጥምን በእንዲህ ያለ ውብ ቀለም ማሳየት ተገቢ ነውን? ጀሪካን ተሸክማ ስትንገዳገድ የምትውል ሴት እንደ ንግሥት ለብሳ ብትታይ ድካሟ አይደበቅምን? ሥዕልስ ውኃ ይቀዳልን?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ቧንቧም አይዘረጋም። በለንደን አዳራሽ ቆሞ ምስሉን ያደነቀ ሁሉ ስለ ውኃ ቀጂዋ አስቦ ወጣ ማለትም አይቻልም። ደግሞም የ1977ቱ ፊልም መራራውን እውነት እንዳለ ባያሳይ ኖሮ ዕርዳታው በዚያን ያህል ፍጥነት አይደርስም ነበር። መራራ እውነት የሚነገርበት ጊዜ አለው።

በሌላ በኩል ግን በመከራዋ ብቻ የምትታወቅ ሴት ከእርሷ ምንም የማይጠበቅ ሰው ትሆናለች። ተመልካቹ ያዝንላታል፤ ይረዳታል፤ ነገር ግን አያማክራትም። የውኃ ተቋም ሲሠራ ቦታው የት ይሁን፣ በስንት ሰዓት ይከፈት፣ ቁልፉን ማን ይያዝ ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም። ቀጥ ብላ ቆማ ዓይን ለዓይን የምታይ ሴት ግን የምትናገረው ነገር እንዳላት ታስታውቃለች። በእኛ በኩል የዳሎሉ ሥራ ትልቁ ዋጋ ይህ ይመስለናል። ችግሩን አልካደም፤ ጀሪካኑም፣ የተሰነጠቀው መሬትም እዚያው አለ። የካደው እናቲቱ ከችግሯ ሌላ ምንም አይደለችም የሚለውን አስተያየት ነው።

ይህንንም ለማድረግ ያስቻለው የካሜራው ዓይነት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ካሜራውን የያዘው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ጊዜውም አጭር ነበር። በዳሎል ካሜራውን የያዙት የአያታቸውን ተረት የሚያውቁ የአገር ልጅ ናቸው። ልዩነቱ ከዚያ ይመነጫል።

ለቤታችን የሚሆን ትምህርት

ውድ እናቶችና ሠራተኞች፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ለቤተሰቦች ምን ይጠቅመናል የምትሉ ትኖራላችሁ። በየቤታችን ካሜራ አለ። ስልክ ያልያዘ ወጣት ጥቂት ነው። በየሳጥናችንም አሮጌ ፎቶግራፍ አለ፤ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የተነሣ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ ማስታወሻ። አሮጌውንና አዲሱን ማዋሐድ ከዚህ ሊጀመር ይችላል።

በአዲስ አበባ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ጥቂት ወጣቶች የነዋሪውን የቆዩ የቤተሰብ ፎቶግራፎች እየሰበሰቡ በዲጂታል ገልብጠው እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። የተራ ቤተሰብ አልበም የከተማ ታሪክ መሆኑን አሳይተውናል። በመቀሌና በመላው ትግራይ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ያስቸኩላል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ሕፃንና ስንቅ ያዘ እንጂ አልበም አልያዘም። የሞተ አባት፣ ያልተመለሰ ልጅ ፊት የቀረው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ የሆነበት ቤት አለ። ስለዚህ የተረፈውን ለመጠበቅ የሚከተለውን ማድረጉ ይበጃል።

አንደኛ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከማድቤት ጢስ ይራቅ። ሲነሣ በንጹሕና በደረቀ እጅ ጠርዙን ብቻ መያዝ ያስፈልጋል። በክፈፍ መስተዋት ላይ የተጣበቀውን በግድ መላጥ አይገባም፤ ከነመስተዋቱ ይቅር።

ሁለተኛ፣ በጀርባው ላይ የሰዎቹ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊት ይዘልቃልና አይሆንም። ይህን ሥራ ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ ማቆየት አደገኛ ነው። ስሙን የሚያውቁት አያት ሲያልፉ ፎቶግራፉም ማንነቱ የማይታወቅ ሰው መልክ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ በስልክ ይገልበጥ። ፎቶግራፉን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ የስልኩን መስተዋት ጠርጎ፣ ስልኩን ሳያጋድሉ ከላይ ማንሣት ነው። ፍላሽ አይበራ፤ ያንጸባርቃልና።

አራተኛ፣ የተገለበጠው ምስል በአንድ ስልክ ብቻ አይቀመጥ። ስልክ ይወድቃል፤ ይጠፋል። በማስታወሻ ካርድ ላይና በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድም ይኑር። ዋናው ወረቀትና የድሮው ፊልም ግን ተገለበጠ ተብሎ ከቶ አይጣል።

ከዚህም ሌላ ለልጆቻችን የምናስተምረው አለ። ልጃችሁ በስልኳ ፎቶግራፍ ማንሣት ብትወድ ጊዜ ማባከን ነው ብላችሁ አትቆጧት። ከማንሣቷ በፊት በወረቀት ላይ እንድትነድፍ፣ ምን ለማለት እንደ ፈለገች እንድታስብ ንገሯት። የምታነሣውን ሰው ስሙን እንድትጠይቅ፣ ፈቃዱንም እንድታገኝ አስተምሯት። ጎረቤት ያለችውን ውኃ ቀጂ ለማንሣት ከፈለገችም በቅድሚያ ጀሪካኑን ትቀበላት፤ አብራት ትሂድ፤ ታዋያት። ከዚያ በኋላ የምታነሣው ምስል ሌላ ነው።

የአንድ ቤተሰብም ሆነ የአንድ አገር መልክ ሌላው ሰው እስኪመጣና እስኪያነሣው የሚጠብቅ አይደለም። በጓዳችን ጨው፣ በሳጥናችን አልበም፣ በእጃችን ስልክ አለ። የእናቶቻችንን ስም የምናውቀው እኛ ነን፤ የምንጽፈውም እኛ እንሁን።